ይላላል፣ ይጠብቃል

በቀል ትዕግሥት ይጠይቃል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ውሸት ነው። በቀል የሚጠይቀው ጋራዥ ነው። የበደለሽ ሰው የፈለገውን ያህል ቢርቅ፣ መኪና ካለው አንድ ቀን ይበላሽበታል፤ ሲበላሽበት ደግሞ በገዛ እጁ ጎትቶ ደጅሽ ያደርሰዋል።

የማቲን ፒካፕ ሐሙስ ጠዋት አንድ የጭነት መኪና እየጎተተ ቡራዩ፣ ኦቦ የህያ ጋራዥ ሲያስገባው እኔ ሌላ መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። መጀመሪያ ያየሁት ጎማውን ነው፤ ቀጥሎ ከጎማው በላይ ያለውን ረጅም ጭረት። ያንን ጭረት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ መንዳት ሲያስተምረኝ አጥር ገጭቼ። ያን ቀን ሆዳችንን እስኪያመን ሥቀን ነበር። ማቲን ካየሁት ግን ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

ከመኪናው ሥር ወጣሁ፤ እጄን በጨርቅ ጠረግኩ፤ ቀና አልኩ።

ማቲ ከጎታቹ መኪና ወርዶ ቆሟል። ከስቷል፤ ጢም አሳድጓል። አላማረበትም ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እናንተን አልዋሽም። ሲያየኝ እጁ ላይ የነበረው የመኪና ቁልፍ መሬት ወደቀ፤ አላነሳውም። ስሜን ሊጠራ ከንፈሩ ሲከፈት ቀደምኩት።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩ፤ ዓይኔን ፒካፑ ላይ ተክዬ።

ከመናገሻ ድንች ጭኖ ሲመጣ ገፈርሳ ዳገት ላይ ነጭ ጭስ መልቀቅ እንደጀመረ፣ ውኃ እየጨመረ ትንሽ እንደነዳው፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ቀጥ እንዳለ ነገረኝ። አፉ የሚያወራው ስለ ሞተር ነው፤ ድምፁ ግን ስለ ሌላ ነገር ነበር። እኔም የሰማሁት ሌላውን ነው። ስሰማውም አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ ዛሬ እጄ ገባህ።

*

ሮዳስ አጵሎስ እባላለሁ። አባቴ ከሶዶ መጥቶ ሰበታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዘበኛ ሆነ፤ እኔም እዚያው አደግኩ። የሞተርን ነገር ያስተማረኝ የለም። የፋብሪካው መኪናዎች የሚጠገኑበት መጋዘን ከአባቴ የጥበቃ ክፍል ጀርባ ነበር፤ በቆርቆሮ ቀዳዳ እያየሁ ሰረቅኩት። ዛሬ ቡራዩ ውስጥ አንድ ሞተር ሲያቃስት «ያቺ ልጅ ትስማው» የምባለው እኔ ነኝ። ኦቦ የህያ አርባ ዓመት በዚህ ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እንኳ ሲጨንቃቸው ጆሮዬን ይጠራሉ። ጉራ የመሰለው ካለ መኪናውን ያምጣ።

ማቲን ያገኘሁት ሰበታ መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ስሠራ ነው። ይቺኑ ፒካፕ ይዞ መጣ። የአባቱ የአቶ ዱባለ ነበረች፤ አባቱ ከሞቱ ዓመት አልሞላም ነበር። አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ አፍ እየቀላቀለ የሚያወራ የሱሉልታ ልጅ፣ ሴት መካኒክ ሲያይ ያልሳቀ የመጀመሪያው ወንድ። ስምንት ወር ተዋደድን። እናቱ ብዙነሽ ወፍጮ ቤት ያላት፣ ማኅበር ስታወጣ ሰፈሩን ሁሉ የምትጋብዝ ሴት ናት፤ ነገሩን ስትሰማ ለጴንጤ ዘበኛ ልጅ ሽማግሌ አልልክም አለች። አለች ነው የምለው፤ «አሉ» የምትባልበት ቀን ገና አልደረሰም።

እንግዲህ በወጉ የሚሄደው የወንዱ ወገን ነው። አባቴ ግን ወግ የሚያስጨንቀው ሰው አይደለም። «ጌታ ራሱ ወደ እኛ መጥቶ የለም እንዴ፣ እኔ ሱሉልታ ልሂድ ቢሉኝ ምን ይከብደኛል» አለ። ማቲ ደብረ ብርሃን ጭነት ሊያደርስ ሄዶ ነበርና በስልክ ጻፍኩለት። አባቴን ለእናትህ ልላከው? አልኩት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ሁላችንም ስንቸኩል እንደምናደርገው በፈረንጅ ፊደል፣ አራት ሆሄ፦ laki።

ላኪ። ላክሁት።

አባቴ ያለችውን አንድ ሱፍ ለበሰ። የሚናገረውን ሦስት ቀን በቃሉ አጥንቶ ነበር። ብዙነሽ በር ላይ፣ በዚያ በሱሉልታ ብርድ፣ ሁለት ሰዓት ቆመ። እሷ ከበረንዳዋ ላይ አየችው እንጂ ለምን መጣህ ብላ አላስጠየቀችም። በመጨረሻ ሠራተኛዋ አንድ ፌስታል ይዛ ወጣች። ሥራ የለም በሉት፣ ይቺን ግን ይጫማት ብላለች አለችው። ፌስታሉ ውስጥ የሟች ባሏ ጫማ ነበር፤ ቡናማ፣ የግራው አፍንጫ በቀይ ክር የተሰፋ።

አባቴ አመስግኖ ተቀበለ። ሰበታ ሲገባ ጫማውን አድርጎት ነበር። «ልኬ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ጸሎት ቤት የሚሄድበት በእሱ ነው፤ ኮቴውን በሰማሁ ቁጥር የሚረግጠው እኔን ነበር።

ሲም ካርዴን ሰበርኩ። ማቲ ሰበታ ሦስት ጊዜ መጣ፤ አባቴ ሱሉልታ ሄዶ እንደነበር ነግሮት፣ እኔን ግን ባዘዝኩት መሠረት ሶዶ ሄዳለች አለው። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጥሎ ሄደ፤ አንዱንም አልከፈትኩም። አልጣልኳቸውምም። ወደ ቡራዩ ሥራ ስቀይር የቁልፍ ሣጥኔ ሥር አነጠፍኳቸው፤ በየቀኑ ብረት እንዲጫናቸው።

*

ሞተሩን የከፈትኩት በዚያው ሐሙስ ከሰዓት ነው።

የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታ የምንለው፣ በሙቀት ትንሽ ተጣሟል። በእሱና በታችኛው አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውኃ አስገብቷል። በቃ። የታችኛው አካል ደህና ነው፤ ሲሊንደሮቹ አልተላጡም፤ ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ኮሎ አንድ ጭረት የለበትም። አቶ ዱባለ ዘይት በጊዜው የሚቀይሩ ሰው እንደነበሩ ብረቱ ይመሰክራል። ቴስታታውን ማሽን ቤት ልኮ የተጣመመ ፊቱን ማስተካከል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ማልበስ፣ መግጠም፤ የአምስት ቀን ሥራ። መካኒክ እንዲህ ያለ ሞተር ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔም ደስ አለኝ፤ በሌላ ምክንያት ግን።

ያኔ በፍቅራችን ጊዜ ማቲ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። እናቱ የዚህን ሞተር ድምፅ ከወፍጮው ጩኸት መሃል ትለየዋለች። ገና ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ሰምታ በሩን ታስከፍታለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ልጇ እንደሆነ እያወቀች፣ እስኪቆም ድረስ ባሏ ነው።

አሁን ይህ ድምፅ እጄ ላይ ተበትኖ ተኝቷል። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ ከሊብሬው ይሰረዛል፤ ድምፁም ከሰፈሩ ይሰረዛል። እሷ አባቴን በሯ ላይ አዋረደችው። እኔ ባሏን ከበሯ ላይ እወስዳለሁ። ልክ በልክ፤ እንደ ጫማው።

ኦቦ የህያ መጥተው ሞተሩ ላይ አጎነበሱ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አልቋል ኦቦ። ይቀየር» አልኳቸው።

«ዱጋ?» አሉ። እውነት? ማለታቸው ነው።

«ዱጋ።»

ስለ ሞተር ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ውሸቱ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ነበረው። እሳቸው ከዱባይ ያገለገለ ሞተር የሚያስመጣ ሰው አውቃለሁ፣ እደውልለታለሁ ብለው ሄዱ።

ማቲ ውሳኔውን ሊሰማ ሲመጣ እኔው ነገርኩት። እጁን ታችኛው አካል ላይ አሳረፈ፤ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ። እናቱ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ከቤት እንደማትወጣ፣ ከሰው ጋር መሣቅ እንዳቆመች፣ የቀራት ደስታ ይህ ድምፅ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። መጠገን የሚቻል ከሆነ አንድ ወርም ቢፈጅ እጠብቃለሁ አለ።

«በስልክህ ቀድተህ አታስቀምጥላትም ነበር?» አልኩት።

ከሞተሩ ላይ እጁን አነሳ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሮዲ፣ የምትፈልጊው እኔን ከሆነ እኔ ይኸው አለሁ። ሞተሩን ተይው» አለኝ።

«አንተን ማን ፈለገህ። አንተ የምትጠገን አይደለህም።»

አየኝ። በቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ያየኝ ግን ያ ጭረት የወጣ ቀን እንዳየኝ አድርጎ ነው። ዞር ብሎ እስኪሄድ ድረስ አንዱን ቡሎን እጄ ላይ አሥር ጊዜ አገላበጥኩት። ማሸነፍ እንዲህ ከሆነ ጣዕሙ ምኑ ላይ ነው?

*

በማግስቱ አርብ ኦቦ የህያ ለጁምዓ ሲወጡ አንድ ትዕዛዝ ሰጡኝ፤ ባለንብረቱ ሳይፈቅድ ከዚህ ግቢ አንዲት ዳዶ እንዳትወጣ። ብረት ገዢዎቹ ጋሪያቸውን ይዘው በር ላይ ነበሩ። በጋራዡ ስልክ ለማቲ ጻፍኩለት። አሮጌውን ሞተር ለብረት ገዢዎች ልላከው? አልኩ።

መልሱ ወዲያው መጣ። laki።

ሣቅኩ። ለብቻዬ፣ ጮክ ብዬ። ለዚህ ሰው የሰው አባት ላኪ ማለት ቀላል ነበር፤ የራሱንም አባት እንደዚያው።  ያኔ የቀረችኝ ትንሽ ርኅራኄ እዚያው ሞተች። ሰዎቹን ጠራሁ፤ ሞተሩን በሰንሰለት አንስተን ጋሪው ላይ አሳረፍነው፤ በገመድ ጠፈሩት፤ ገፉ።

ጋሪው ገና ከበሩ ሲወጣ ማቲ ከፊት ለፊቱ ቆመ። ለካ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ገብቶ ሊለምነኝ ድፍረት እየፈለገ ኖሯል። የጋሪውን እጀታ በሁለት እጁ ያዘ።

«ላኪ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል። ይኸው ላክሁት።»

«ላኪ ነው ያልኩሽ!»

«ታዲያ ምን አደረግኩ?»

ከጋሪ ገፊዎቹ አንዱ፣ ጥርሱ የወላለቀ ሸበቶ ሰውዬ፣ ሣቁን መያዝ አቃተው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውየው እኮ ተይ ነው የሚልሽ» አለኝ። «በኦሮምኛ ነው ያለሽ። ላኪ። ክ'ን አጥብቂያት።»

ክ'ን አጠበቅኳት። በልቤ፣ አንዴ። ላኪ፤ ተይ፣ አይሆንም። አላላኋት። ላኪ፤ ስደጂ። ሰበታ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ቃሏን በቀን ሃምሳ ጊዜ እሰማታለሁ። የተጻፈች ጊዜ ግን የምትጠብቀውን ከምትላላው የሚለይ ፊደል የለም። ያኔ የጠየቅኩት በአማርኛ ነበር፤ ከመልሱም የምፈልገው እሺን ነበር፤ በምፈልገው ቋንቋ አነበብኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ቡሎን ሳጠብቅና ሳላላ የኖርኩ ሰው አንዲት ፊደል ማጥበቅ አቃተኝ።

ማቲ እጀታውን እንደያዘ ነው። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፤ ቁጣው ረገበ።

«ያኔስ?» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ያኔም ተይ ማለትህ ነበር?»

«እናቴን አውቃት የለ። አባትሽ እዚያ በር ላይ እንዳይቆሙ ብዬ ነዋ። ጻፍኩልሽ እኮ። ሦስት ጊዜ።»

 ጋራዡ ውስጥ ገብቼ የቁልፍ ሣጥኔን ገለበጥኩት፤ ብረቱ ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ። ደብዳቤዎቹ በዘይት ወይበዋል። የመጀመሪያውን ቀደድኩት። «ሮዲ፣ እንዳትልኪያቸው ብዬሽ ነበር» ይላል የመጀመሪያው መስመር። «እኔ መጥቼ እስካለዝባት እንድትጠብቂኝ ፈልጌ ነበር። ለምን አልጠበቅሽኝም?»

ሁለት ዓመት። በየቀኑ ብረት ስጭን የኖርኩት በዚህ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሳነብ ያየኛል፤ እኔ ግን ቀና ማለት አልቻልኩም። የኩሩ ሰው አንገት ሲጎነብስ እንደዛገ ቡሎን ነው፤ ድምፅ ያሰማል።

«ሞተሩ አልሞተም» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ። «ዋሽቼሃለሁ። የአምስት ቀን ሥራ ነው።»

«የአባቴን ሞተር አውቀሽ ለቁርጥራጭ ልትሰጪው ነበር?»

«የእኔ አባት የአባትህን ጫማ ተጫምቶ ሰበታ ይዞራል።»

ስለ ጫማው አያውቅም ነበር። ነገርኩት። ስጨርስ ከተበተኑት ቁልፎች መሃል ቁጢጥ አለና አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ ይመልስ ጀመር። ሁሉም ካለቀ በኋላም እጁ መሬቱን ይዳብስ ነበር።

*

ኦቦ የህያ ሲመለሱ ሞተሩ ከጋሪው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልናዘዝላቸው ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። አዲስ ሞተር አላዘዝኩም አሉኝ። ምላስሽ ዋሸ፣ እጅሽ ግን አልዋሸም፤ ቴስታታውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠሽዋል፤ ለብረት ገዢ የሚሰጥ ዕቃ አይጠቀለልም። ጠቅልዬው እንደነበር እኔ ራሴ አላስታወስኩም። ደግመሽ ከዋሸሽኝ ግን በዚህ በር አትገቢም ብለው ሊታጠቡ ሄዱ።

ለማቲ ያለብኝ ቂም በዚያች አርብ ተፋቀ። ለእናቱ ያለኝ ግን አልተነካም። እንዲያውም ድርሻው ሁሉ ወደ እሷ ሄደ። ሞተሩን እጠግነዋለሁ አልኩት፤ ግን ሱሉልታ አላደርስም። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ አራት ሰዓት፣ ሰበታ፣ አባቴ በር ላይ መጥታ ትውሰደው። አንተ አንዲት ቃል አትነግራትም። ጉልበቷን ያማታል አለኝ። አባቴም ጉልበት ነበረው አልኩት። ተስማማ።

ቴስታታው ከማሽን ቤት ፊቱ እንደ መስተዋት ሆኖ ተመለሰ። ማቲ በየቀኑ እየመጣ አጠገቤ ቆመ። የቴስታታ ቡሎን በአንድ ጊዜ አይጠብቅም፤ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር፣ አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ፣ ተመልሶ እንደገና። ከቸኮልሽ ይሰነጠቃል። እኔ ሳጠብቅ እሱ ተራውን ይቆጥርልኛል። አንዴ ቁልፍ ሲያቀብለኝ ጣቱ ጣቴ ላይ ቆየ። አልሸሸሁም፤ ቀናም አላልኩ። ሁለታችንም ቡሎኑን እናያለን፤ ቡሎኑም መቼም ታይቶ የማያውቀውን ያህል ታየ።

*

እሑድ ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። የአባቴ ጸሎት ቤት ስድስት ሰዓት ነው የሚያበቃው። እሷ አራት ሰዓት ትደርሳለች። በሩን ቆልፌ ሁለት ሰዓት አቆማታለሁ፤ እሷ አባቴን ያቆመችውን ያህል፣ አንድ ደቂቃ ሳልጨምር፣ አንድ ደቂቃ ሳልቀንስ።

ፒካፑን በሩ ላይ አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ መስታወቱን ዘግቼ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥኩ። ባጃጁ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆመ። ብዙነሽ ማቲን ተደግፋ ወረደች። ካሰብኳት አንሳለች። ሁለት እርምጃ እንደተራመደች ቀጥ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ የልጇን ክንድ ለቀቀችና እያነከሰች፣ ግን እየፈጠነች መጣች። እጇን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች።

እኔን አላየችኝም። የተቆለፈውንም በር አላየችም። ፀሐዩ አናቷ ላይ ወጣ፤ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሩብ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት። ቆማ እንድትቀጣ ነው የጠራኋት፤ እሷ ግን ቆማ ከባሏ ጋር ታወራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁላትን ቅጣት እንደ ስጦታ ተቀበለችው። ከንዴቴ የተነሳ ማልቀስ አማረኝ። ማቲ ከማዶ ያየኛል፤ ቃሉን ጠብቆ አንዲት ነገር አልተናገረም፤ ዓይኑ ግን ይለምነኛል። ዞር አልኩበት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሳላስበው አባቴ ብቅ አለ። ስብከቱ አጥሮ ነው አለ በኋላ። ሱፉን ለብሷል። ጫማውን ተጫምቷል። አንዲት ሴት ፀሐይ ላይ መቆሟን ሲያይ መሮጥ ቀረው። መጀመሪያ ወደ እኔ መጥቶ መስታወቱን አንኳኳ።

«እንግዳ በር ላይ ታቆሚያለሽ? እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?»

አባቴ ሰው ፊት ተቆጥቶኝ አያውቅም። ጆሮዬ ጋለ። እሱ ዞሮ እጅ ነሣትና በሩን ይከፍት ጀመር። ዘግይተንብዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ቤት ውስጥ ውኃ አለ፣ ይግቡ አላት። እሷ ግን አልሰማችውም። ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። በቀይ ክር የተሰፋው የግራ ጫማ አፍንጫ ላይ።

«ይሄን ጫማ... ማን ሰጠዎት?»

«ይሄን? አንዲት ሱሉልታ ያሉ ደግ ሴት ናቸው» አለ አባቴ። «ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነበር፤ ሳንነጋገር ቀረን እንጂ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ስለ ልጆቻችን ነበር።»

አውቋት ይሁን ሳያውቃት፣ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ያን ቀን በረንዳ ላይ የነበረችውን ሴት ፊቷን አይቶታል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ርቀቱ ብዙ ነበር ይለኛል። የማውቀው ግን፣ እኔ በሁለት ዓመት ቂም፣ በሞተርና በተቆለፈ በር ማድረግ ያቃተኝን እሱ በአንድ «ደግ ሴት» አደረገው። ብዙነሽ የታመመ ጉልበቷን አጠፈች። ፒካፑን ተደግፋ፣ ወደ ጫማው ልትደፋ። አባቴ ገና ግማሽ ሳትደርስ በሁለት ክንዱ ያዛት። «ኧረ ይተዉ፣ ኧረ በጌታ ስም» ይላል። እሷ የምታለቅሰው ድምፅ ሳታሰማ ነው። ድምፅ የነበረው ሞተሩ ብቻ ነው፤ የዱባለ ሞተር፣ ያለ አንድ እንከን፣ በእኔ እጅ ተጠግኖ።

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ጸጥ አለ። ከጋቢናው ወረድኩና ፊቷ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ የጠገንኩት» አልኳት። «ላስጥለው ነበር። እርስዎ እንዳይሰሙት።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ብዙ አየችኝ፤ ቱታዬን፣ ጥፍሬን።

«ብትጥይውም ይገባኝ ነበር» አለች። «እንኳንም አልጣልሽው።»

እንድትቆጣኝ ነበር የፈለግኩት። ለቁጣ መልስ ነበረኝ።  በቀሌን አባቴ በአንድ እጅ፣ እሷ በሌላው ይዘው ገቡ፤ እኔ ባዶ እጄን በሩ ላይ ቀረሁ። አጠገቤ ማቲ ነበረ። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ቃሉ ነዋ። እጄን ግን ያዘ።

*

ማክሰኞ ከሰዓት በጋራዡ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። ከማቲ ነው። «እማዬ አጠገቤ ናት። 'ሽማግሌ ልላክ ወይ ብለህ ጠይቃት' ትላለች።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልቤ እንደ ቀዝቃዛ ሞተር አንኳኳ። ከዚያ አራት ሆሄ ጻፍኩ፤ laki። ላክሁት። ስልኩን አጠፋሁ።

ያስቡበት። ጠብቆ ከተነበበ ተይው ነው። ላልቶ ከተነበበ፣ ለማቲ ከሆነ «ላክ» ይባል ነበር፤ ስለዚህ ለእሷ ነው። ለእሷ ከሆነ ደግሞ «ይላኩ» ነበር ወጉ። ፊቷ ቆሜ እርስዎ ብያታለሁ፤ በሌለችበት ግን ምላሴ ገና አልታጠፈም። እናትና ልጅ ሱሉልታ ተቀምጠው ክ'ን ሲያጠብቁ ሲያላሉ ይዋሉ፤ ይደሩ። አባቴ ሁለት ሰዓት ቆሟል። እኔ ሁለት ዓመት አንብቤያለሁ። እነሱ አንድ ሳምንት ቢያነቡ አይበዛባቸውም።

ሰበታ ስገባ አባቴ ሱፉን በመስቀያ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እሑድ አቧራ ነክቶታል፤ ላውንደሪ ልስጠው ወይስ ይቆይ አለኝ።

«ስጠው አባዬ» አልኩት። «ጫማውንም አስጠርገው።»